ፍሬን በእግሩ ሊሄድ ነው

ሰው ሁሉ ፍሬን ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እኔ ራሴ የሰማሁት በሚስቱ ቀብር ላይ ነው፤ ቄሱ ሲጠሩት ማንን ነው ብዬ ዞር ዞር ብያለሁ። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዶሮ ከሩቅ ካየ ፍሬን፣ ኳስ ካየ ፍሬን፣ ጥላ ካየ ፍሬን። ተሳፋሪው «ዛሬ እንደርሳለን ወይስ የነገ ስንቅ እንቋጥር?» እያለ ያሾፍበታል። እሱ እቴ! ፍሬኑን ይረግጣል። እኔ ረዳቱ ነበርኩ፤ ጥሩንባ ይሉኛል። የአውቶቡሱ ጥሩንባ ሲበላሽ ባለቤቱ ሳያሠራው የቀረው እኔ ስላለሁ ነው እያሉ ያሙኝ ነበር። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ እውነት ነው።

«ጋሼ» እያልኩ አንተ እለዋለሁ። ጋቢና ውስጥ እርስዎ አያዋጣም፤ «ይጠንቀቁ እንጂ» ብላችሁ እስክትጨርሱ ገደል ገብታችኋል። እሱም ጢሜ ሸብቶ እንኳ «አንተ ልጅ» ነው የሚለኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ ከቤቱ በር እስከ አውቶቡሱ በር ካልሆነ በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ሰው፣ ብርዱ ሊወጣ ጸደዩ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ሻይ ቤት አስቀምጦኝ «ገዳሙ ድረስ በእግሬ ልሄድ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ፊቱን ሳየው ሳቄን አቆምኩ።

«አብረን እንሄዳለና!» አልኩት።

«አይ። ብቻዬን።»

ገዳሙ ተራራ ላይ ነው። ጠዋት በአውቶቡስ ከተነሳችሁ ከሰዓት በኋላ ተራራው ሥር ናችሁ፤ ይህ በፍሬን አነዳድ ነው፤ በሌላ ሹፌር ለምሳ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእግር ነው። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ተሳላሚዎቹን ጭነን እንሄዳለን፤ እነሱ ይወጣሉ፣ እኛ ከሥር አውቶቡሱን እንጠብቃለን። ያን ሁሉ ዓመት ስንመላለስ ፍሬን አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ አልወጣም።

ሚስቱ ግን አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም። እትዬ ነበር የምላት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪና መርገጥ ጉልበቷን ጨርሶታል፣ ግን ሳቂታ ናት። መቀመጫዋ ከሹፌሩ ጀርባ ነው። ተራራው ሥር ስንደርስ እኔን ቀድማ በእኔ ድምፅ «ወራጅ አለ!» ትላለች፤ አውቶቡሱ ሁሉ ይስቃል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆሮው ላይ፣ «ዘንድሮስ አብረኸኝ አትወጣም?» ትለዋለች።

«መኪናውን ለማን ትቼ?»

«እሺ፣ ለዓመት» ትላለች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሸራ ጫማ ታጠልቅና በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ትያያዘዋለች። እሱ መስታወቱን እየወለወለ ከሥር ያያታል። እኔ እሱን አያለሁ። በየዓመቱ እንደዚያ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። በሽታው ገብቶባት ከስታለች፤ ሐኪሙም እንደማትድን ለልጇ ነግሯታል። ሌሎቹ ወርደው ወጡ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሦስታችን ቀረን። «ዘንድሮ እንኳ አንተ ውጣልኝ» አለችው። «ጥሩንባ አለ አይደል? መኪናውን ይጠብቃል።»

«አንቺንስ ለማን ትቼ?» አላት።

በመስኮቱ ወደ ተራራው አየች። «ለዓመት» አላለችም። ያን እኔ አልወደድኩትም፤ እሱም አልወደደውም፣ ግን አልወጣም። ብርዱ ሳይገባ ሞተች። አውቶቡሱንም በዚያው ሰሞን ባለቤቱ ለቁርጥራጭ ብረት ሸጠው። ፍሬን ስፖኪዮውን ብቻ ፈትቶ ወስዶ እጅ መታጠቢያው ላይ በምስማር መታው፤ ጢሙን የሚላጨው በሱ ነው።

የሱን አነዳድ ካልነገርኳችሁ የቀረው ነገሬ አይገባችሁም። ፍሬን አንድ ሕግ ነበረው፤ መኪና የሚቆመው አፍንጫው ወደ ቤት ዞሮ ነው። የትም ይድረስ፣ የቱንም ያህል ሽንቱ ይወጥረው፣ መጀመሪያ መኪናውን ያዞራል፣ ከዚያ ይወርዳል። «መመለሻህን ሳታዘጋጅ ደረስኩ አትበል» ይላል። ተራራው ሥር ያለችው መቆሚያ ደግሞ ጠባብ ናት፤ ከኋላዋ ገደል ነው። ለማዞር ወደ ኋላ እስከ ገደሉ አፍ መሄድ አለበት። ተሳፋሪው እያማተበ ይወርዳል። እትዬ ብቻ አትወርድም። እኔ ከኋላ ቆሜ እጮሃለሁ፦ «ና! ና! አለህ፣ ና! ትንሽ ና! በቃ!» ስፖኪዮ እያለለት አያይበትም። «መስታወት ሩቁን ቅርብ፣ ቅርቡን ሩቅ እያደረገ ይዋሻል፤ ጥሩንባ አይዋሽም» ይላል። ሰምቻለሁ ለማለት ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን ጠብ ጠብ ያደርገዋል። እኔ «ና» ካላልኩ አንዲት ጣት ወደ ኋላ አይልም፤ «በቃ» ካላልኩ አይቆምም። ደመወዝ ቢጠፋ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ ተጣልተንም ቢሆን እንደዚያ ነበር የምንሠራው።

ስለዚህ «ብቻዬን» ሲለኝ ሆድ ባሰኝ። «ለምን ብቻህን?» አልኩት።

«እሷም ስትወጣ ብቻዋን ነበረች።»

«ምን ብቻዋን? አውቶቡስ ሙሉ ሰው እኮ ነው አብሯት የወጣው!»

«ባሏ ከሥር ቆሞ ብቻዋን ናት» አለ። ሻዬን ጠጣሁ።

መንገዱን ሲያቅድ ግን ጉድ ፈላ። እንደ ሹፌር ነዋ የሚያቅደው! «ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ ሜዳ ነው፤ ማርሽ ሳትቀይር ነው የሚደረሰው። ሬዲዮ ላይ ዜናው ሳያልቅ ድልድዩ ላይ ነህ» ይለኛል። «ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ምንም አይደል፣ አንድ ዘፈን ነው።» «ኧረ ጋሼ፣ ዘፈኑን የምትጨርሰው አንተ ነህ ወይስ ሞተሩ?» ብለው አልሰማም። ማደሪያዎቹን ሁሉ በዚህ ሒሳብ አዘጋጅቷቸዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

«እንቁላሉስ ጫጩት ሆኖ ነው የሄደው። አንተ ምን ሆነህ ልትሄድ ነው?»

እስቲ እንሞክረው ብዬ አንድ ጠዋት ጎተትኩት። ከመናኸሪያው ተነስተን ወደ ድልድዩ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ብርዱ ገና አልለቀቀም፣ ዛፉ ገና ራቁቱን ነው። ትንሽ እንደሄድን ፍሬን ማለክለክ ጀመረ። እኔም ያው ነኝ፣ ግን አልነግረውም። ቆመ። ወደ ኋላ አየ፣ ወደ ፊት አየ፣ ግራ ተጋባ።

«ይሄ ዳገት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ዳገት ነው እንጂ! ሁልጊዜም ዳገት ነበር።»

«ሜዳ ነበር እኮ። እኔ ስነዳው ሜዳ ነበር።»

በዚያው ቅጽበት አንድ አውቶቡስ እየበረረ አለፈና ከራስ እስከ እግራችን ጭቃ ለቀለቀን። አዲስ ሹፌር፣ ፍሬን የሚባል ነገር የማያውቅ። አፌን ከፍቼ ስድቡን ላወርድበት ስል ፍሬን የመንገዱን አጥር ይዞ ወደ መሬት ሲያይ አየሁት። ጭቃው ከቅንድቡ ይንጠባጠባል፣ አልጠረገውም።

«ይሄ ዳገት ከሆነ፣ ያኛው ምን ነበር?» አለ። «በዚያ ጉልበቷ። እኔ እኮ ከሥር ሳያት ቶሎ የምትወጣ ነበር የሚመስለኝ።»

ስድቤን ዋጥኩት። ከጭቃችን ጋር ወደ ቤት ተመለስን፤ ድልድዩ ጋ አልደረስንም። እዚህ ላይ ይተወዋል ብዬ ነበር። ማግስቱን ብቻውን ሄደ፤ በሳልስቱም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ። ድልድዩን አልፎ የተመለሰ ዕለት ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

የፈራሁት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፍሬን ቤቱን እያራቆተ ነበር። የእትዬን የአበባ ማሰሮዎች ለጎረቤት ሰጠ። የብርድ ካፖርቱን ለመናኸሪያው ዘበኛ አለበሰው፤ ልብ አድርጉ፣ ብርዱ ገና ሳይወጣ! «ክሪኩንና መፍቻዎቹን ውሰዳቸው፣ ለአንተ ይሁኑ» አለኝ። ሹፌር መፍቻውን ሲሰጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሚስቱን ከመስጠት እኩል ነው። ቀጥሎ ሌላ ከተማ ያገባችው ልጁ ደወለችልኝ።

«ጋሽ ጥሩንባ፣ አባባ ምን ሆኖ ነው? ትናንት ስልክ ላይ አመሰገነኝ እኮ።»

«ታዲያ ምን አለበት? ልጁ አይደለሽ?»

«አባቴ መቼ አመስግኖኝ ያውቃል? ሁሌ መቆጣት እንጂ! ደህና ነው? ንገረኝ።»

«እርጅና ነው ልጄ፤ አፍ ያላላል» አልኳትና ቶሎ ዘጋሁ። እኔ ጥሩንባው አፌ ተሳሰረ። ምን ልበላት? አባትሽ ሊሄድ ነው፣ መምጣቱን ግን እንጃ ልበላት?

በዚያው ከሰዓት ቤቱ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ መንገዱን ዘርግቶታል። የድሮ ልማዱ ነው፤ አዲስ መንገድ ከመውጣታችን በፊት በቤት ዕቃ ያሳየኝ ነበር። ድስቱን ደፍቶ ተራራ፣ ቢላዋውን አጋድሞ ድልድይ፣ ስኒዎቹን ደርድሮ መንደር። አውቶቡሱ የክብሪት ቤት ነው፤ በአንድ ጫፉ ሁለት መብራት በእስክሪብቶ ስሎበታል፣ አፍንጫው ያ ነው። ድሮ ክብሪቷን ድስቱ ጋ ሲያደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ማዞር ነበር። አሁን ከስኒ ወደ ስኒ እየገፋ «እዚህ አድራለሁ፣ እዚህ ውኃ አለ፣ እዚህ አርፋለሁ» እያለ ድስቱ ጋ አደረሳትና እጁን አነሳ። ክብሪቷ አፍንጫዋ ድስቱን እንደነካ ቀረች።

ጠበቅሁ። እጁን አልመለሰም።

«መመለሻውስ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ይደረስ።»

ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። እጄን ዘርግቼ ክብሪቷን አዞርኳት። እሱ ቀስ ብሎ መለሳት። ደግሜ አዞርኳት። ደግሞ መለሳት። ሁለት ሽማግሌ፣ በአንድ ክብሪት! በመጨረሻ መዳፉን ከደነባት።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «መኪና የሚዞረው ቤት የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው። ከየትም ስመጣ የደጁን መብራት አብርታ ትጠብቀኝ ነበር። ከመታጠፊያው ላይ አየዋለሁ። አሁን ምኑን ብዬ ላዙር?»

«እዚያ ልትሞት ነው እንዴ የምትሄደው?» አወጣሁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልወጣላት ነው የምሄደው። ከወጣሁ በኋላ ያለው አልታየኝም። ሳስበው ተራራው ላይ ያልቅብኛል፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ የለም።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። «እኔስ?» አልኩ። «እኔ እዚህ ጎማ ነኝ? ስንት ዓመት ሙሉ ገደል አፍ ላይ ከኋላህ ቆሜ ስጮህ የኖርኩት ለማን ነው? ብትስት እኮ መጀመሪያ የምትጨፈልቀው እኔን ነበር!»

«አንተ ሚስት አለህ። ቤት አለህ።»

«መፍቻህን አልፈልግም! ክሪክህንም ለራስህ ያዘው!» ብዬ በሩን ደርግሜ ወጣሁ። ውጭ ቆሜ አለቀስኩ። አዎ አለቀስኩ፣ ምን ይጠበስ!

ከዚያ ወዲያ ወደ ቤቱ እግሬን አላነሳሁም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳልበላ ሳልጠጣ ግድግዳ አያለሁ። ሚስቴ ታግሳ ታግሳ፣ «ሂድና ታረቀው» አለችኝ። «ሰውየው ከሄደ በኋላ ከማን ጋር ልትጣላ ነው? ከእኔ ጋር እንዳይሆን!»

ስሄድ ጫማውን ቅባት እየቀባ አገኘሁት። የሹፌር ጫማ ነው፤ የቀኙ ሶል ፍሬን በመርገጥ አልቆ አዲስ አስለጥፎበታል፣ የግራው ደህና ነው። ሰላም አላልኩትም። አጠገቡ ተቀመጥኩና የግራውን አንስቼ መቀባት ጀመርኩ። እሱ የቀኙን ቀጠለ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ይዘኸው ቆይ» አለኝ። «ቆይ» የምትለዋን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገድ ሙሉ ሳገላብጣት ነበር። ቆይ ማለት ስመጣ ስጠኝ ማለት ነው? ወይስ ሰው ዝም ብሎም ይለዋል? ሚስቴን ብጠይቃት፣ «ቁልፍ ሲሰጡ ምን ሊሉ ኖሯል?» አለችኝ።

የሄደው አንድ ጭጋጋም ጠዋት ነው። አስፋልቱ ርጥብ ነበር። ትንሽ ቦርሳ፣ በቅባት የወዛ ጫማ፣ ስስ ጃኬት። በቦርሳው ጎን የእትዬን ሸራ ጫማ አንጠልጥሎታል። አየሁት፣ አልጠየቅሁትም። እስከ መናኸሪያው በር አብረን ሄድን። ዘበኛው የሱን ካፖርት ለብሶ ተነስቶ እጅ ነሳው።

«እዚህ ይብቃህ» አለኝ።

ጨበጠኝ። በጋቢና ስንት ዓመት ስንኖር ተጨባብጠን አናውቅም፤ እጁ ከመሪው ወርዶ አያውቅምና። እጁ ደረቅና ትልቅ ነው። ከዚያ ቦርሳውን አስተካክሎ ሜዳ ነው ሲለው የኖረውን ዳገት ጀመረ።

«በሰላም ግባ» ልለው አፌን ከፈትኩ። እምቢ አለኝ። «እግዜር ይከተልህ» ልለው ፈለግሁ፤ እሱም እምቢ አለኝ። ጭጋጉ ሊውጠው ሲል፣ የወጣልኝ የምችለው ብቻ ነበር።

«ና!»

ቀጥ አለ። መናኸሪያው ውስጥ ያለው ሹፌር ሁሉ ዞረ። የሚዞር መኪና የለ፣ ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ ብለው ነው።

«ና! አለህ፣ ና! ትንሽ ና!»

ፍሬን ወደ ኋላ አላየም። ድሮም አያይም። ግራ እጁ ግን ከጎኑ ተነሳች፤ በሩ የነበረበት ቦታ አየር ነው፣ የገዛ ጭኑን ጠብ ጠብ አደረገ። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ። ጭጋጉ ከሸፈነውም በኋላ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ «ና! ና!» አልኩ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ «በቃ፣ ሄዷል እኮ» አለኝ። እሱ ይበል። እኔ «በቃ» አላልኩም።

ሲመሽ ቁልፉን ይዤ ቤቱ ገባሁ። ቤቱ ባዶ ማድጋ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ስኒዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ድስቱ እንደተደፋ ነው፤ ክብሪቷም አፍንጫዋ ወደ ድስቱ ነው። ላዞራት እጄን ዘረጋሁና ተውኳት። መጥቶ ራሱ ያዙራት። የደጁን መብራት አብርቼ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።